ለማየት መክፈል ለመግባት ፈቃድ ይሆናልን?

በነሐሴ ወር 2016 «ክሪስታል ሰሬኒቲ» የተባለች የመዝናኛ መርከብ 1,000 ያህል መንገደኞችንና ከ600 በላይ ሠራተኞችን ይዛ ከአላስካው የሲዋርድ ወደብ ተነሣች። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።) ጉዞው በሰሜን አሜሪካ አናት ላይ፣ በካናዳ የበረዶ ደሴቶች መካከል አልፎ ኒውዮርክ ላይ የሚያበቃ የ32 ቀን ጉዞ ነበር። ለአንድ ሰው የሚከፈለው ዝቅተኛ ዋጋ እንኳ ከ20,000 ዶላር በላይ ነበር። በመርከቧ ውስጥ መዋኛው፣ ቲያትሩ፣ ቁማር ቤቱ ሳይቀር ተሟልቷል። መርከቧ በመንገዷ ከቆመችባቸው መንደሮች አንዷ ኡሉካክቶክ ትባላለች፤ ነዋሪዎቿ 400 ያህል ናቸው። እንግዲህ ቁጥሩን አስተያዩት! ሕፃኑም ሽማግሌውም ተቆጥሮ፣ ለእያንዳንዱ የመንደሩ ሰው ከሁለት በላይ ተመልካች መጣለት ማለት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ «የሀብታም ሽርሽር ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። እኔን የያዘኝ ሽርሽሩ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ጥያቄ ነው። ይኸውም፦ አንድ ሰው ገንዘብ ስላለውና ማየት ስለፈለገ ብቻ የሌላውን ሰው ኑሮ የማየት መብት ያገኛልን?

መጓዝ በራሱ ነውር የለበትም። ቁርአን ሰው በምድር ላይ እየተዘዋወረ ያለፉትን ሕዝቦች ፍጻሜ እንዲያስተውል ደጋግሞ ይጋብዛል። በሙስሊም ተጓዦች ዘንድ ስሙ የገነነው ኢብን በጡጣ በ1325 ከታንጀር ወጥቶ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ በመንገድ ኖሯል። የሚገርመው፣ ይኸው ሰው ስለ ሩቁ ሰሜንም ጽፎልናል። በቮልጋ ወንዝ አካባቢ ከነበረችው ከቡልጋር ከተማ የ40 ቀን መንገድ ርቆ «የጨለማ ምድር» የሚባል አገር እንዳለ፣ ወደዚያም የሚኬደው በበረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ተንሸራታች ጋሪ ብቻ እንደሆነ ይነግረናል። እርሱ ራሱ ግን ድካሙ ብዙ፣ ጥቅሙ ጥቂት ሆኖ ስላገኘው ጉዞውን ተወው። (ቡልጋር ድረስ መድረሱንም የሚጠራጠሩ የታሪክ ሊቃውንት አሉ፤ እርሱ ይቆየን።) ወደዚያ የሚዘልቁት ነጋዴዎች የሚገበያዩበት መንገድ ነው ልብ የሚስበው። እቃቸውን አስቀምጠው ይርቃሉ። በማግሥቱ ሲመለሱ ከእቃው አጠገብ የአውሬ ቆዳ ተቀምጦ ያገኛሉ። ዋጋው ከተስማማቸው ቆዳውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ካልተስማማቸው ሳይነኩት ይተዉታል፤ የአገሩም ሰው ወይ ይጨምራል፣ ወይ ቆዳውን ያነሣል። ሻጭና ገዢ አይተያዩም። ነጋዴዎቹ የሚገበያዩት ከሰው ይሁን ከጂን እንኳ አያውቁም ነበር።

ያ ምድር የኢኑዊቶች ምድር አልነበረም፤ ወደ ሳይቤሪያ የሚያዘነብል አገር ነው። ቢሆንም በዚያ ገበያ ሁለቱም ወገኖች «አልፈልግም» ማለት ይችሉ እንደነበር አስተውሉ። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። በመርከቧ ጉዞ ላይ የሚሸጠው ነገር ማየቱ ራሱ ነው። ሻጩ ደግሞ የሚታየው ሰው አይደለም፤ የመርከቧ ድርጅት ነው።

እኛ ዘንድ ይህን ጉዳይ የሚዳኝ አዳብ አለ፤ ኢስቲእዛን ይባላል። በሱረቱ ኑር እንደተደነገገው፣ ሙእሚን የሌላውን ሰው ቤት ሳያስፈቅድና በነዋሪዎቹ ላይ ሰላምታ ሳያቀርብ አይገባም፤ «ተመለሱ» ከተባለም ይመለሳል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ደግሞ ሦስት ጊዜ አስፈቅዶ መልስ ያላገኘ ሰው እንዲመለስ አስተምረዋል። ፈቃድ መጠየቅ የተደነገገው ለዓይን ሲባል መሆኑንም ነግረውናል። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የተጠበቀው በር ብቻ አይደለም፤ ከበሩ በስተጀርባ ያለው ሰው እንዳይታይ የመፈለግ መብቱም ነው። በሰው በር ቀዳዳ የሚያጮልቅ ሰው እግሩን ባያስገባም ገብቷል።

«መንደር ቤት አይደለም፤ መንገዱ የሁሉ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ አደባባይና ጓዳ አንድ አይደሉም። ነገር ግን ሁሉም በሚተዋወቅበት የ400 ሰው መንደር ውስጥ አደባባዩ የት ላይ አልቆ ጓዳው የት ላይ ይጀምራል? በደጅ የተሰጣ ቆዳ፣ ከቤቱ ፊት ለፊት የሚጫወት ልጅ፣ ያደነውን የሚበልት አባት፣ እነዚህ በየትኛው ወገን ይቆጠሩ?

ኢኑዊቶች የሰው ዓይን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። (እኛ «ኤስኪሞ» ስንላቸው ኖረናል፤ ይህ ሌሎች ያወጡላቸው ስም ነው። ራሳቸውን የሚጠሩበት ቃል «ሰዎች» ማለት ነው።) በ1897 ሮበርት ፒሪ የተባለው አሜሪካዊ አሳሽ ከሰሜን ምዕራብ ግሪንላንድ ስድስት ሰዎችን በመርከቡ ጭኖ ኒውዮርክ አመጣ። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ መግቢያ እየከፈለ መርከቡ ላይ ወጥቶ ተመለከታቸው። ከዚያም የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተረከባቸው። ከመጡት አንዱ ኪሱክ የተባለ አባት ሲሆን፣ ሰባት ዓመት ገደማ የሆነው ልጁ ሚኒክም አብሮት ነበር። ብዙም ሳይቆይ አራቱ በበሽታ ሞቱ፤ ኪሱክም ከሟቾቹ አንዱ ነው። ሙዚየሙ ለሕፃኑ ሲል የቀብር ሥነ ሥርዓት አዘጋጀ። የተቀበረው ግን በቆዳ የተጠቀለለ ግንድ ነበር! የአባቱ አፅም ለጥናት ተብሎ በሙዚየሙ ቀርቷል። ሚኒክ እውነቱን ያወቀው ካደገ በኋላ ነው። የአባቱ አፅም እንዲሰጠው ቢጠይቅም ሳያገኘው በ1918 ሞተ። የአራቱ ሰዎች አፅም ወደ ግሪንላንድ ተመልሶ የተቀበረው በ1993 ነው።

የዛሬዎቹን መንገደኞች ከፒሪ ጋር አንድ አድርጌ መቁጠሬ አይደለም፤ ይህ ግፍ ይሆናል። አብዛኞቹ ስለ አገሩ መጽሐፍ አንብበው የሚሄዱ፣ ሽማግሌ ጡረተኞች ናቸው። የክሪስታል ሰሬኒቲ ድርጅትም መንደሮቹን አስቀድሞ አነጋግሯል፤ መንገደኞቹም ወደ ኡሉካክቶክ በቡድን በቡድን እየተከፈሉ ነው የወረዱት። ይህን ያህል ካስፈቀዱ ታዲያ ምን ቀረ?

የቀረው ይህ ነው። ፈቃድ ፈቃድ የሚሆነው ከልካዩ በመከልከሉ የማይጎዳ ሲሆን ነው። ኑናቩት በሚባለው የካናዳ ኢኑዊቶች ግዛት ከግማሽ የሚበልጠው ቤተሰብ በቂ ምግብ የማግኘት ችግር አለበት። ሸቀጥ የሚመጣው በአውሮፕላን፣ ወይም በበጋ በመርከብ ነው፤ ዋጋውም ሰማይ ጠቀስ ነው። እንዲህ ላለ ሰው «መንደርህን ልናይ እንምጣ? ከበሮ ብትመታልንና ብትጨፍርልን እንከፍልሃለን» ሲባል ምን ብሎ ይመልሳል? እሺ ይላል። ብዙዎቹም ደስ ብሏቸው እሺ ይሉ ይሆናል፤ በእጅ ሥራቸው የሚኮሩ ናቸውና። እኔ ግን ያን እሺታ በሩን በገዛ እጁ ከከፈተው ባለጸጋ እሺታ ጋር በአንድ ሚዛን ልመዝነው አልችልም። የተቸገረ ሰው ፈቃድ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ማለት እርሱን እንደ ልጅ መቁጠር ይሆናል። የምለው፣ የጠያቂው ኃላፊነት በእሺታው አያበቃም ነው።

ጥቅሙም ቢሆን እንደሚወራው አይደለም። መንገደኛው የሚበላውም የሚተኛውም መርከቡ ላይ ነው። መንደር ውስጥ የሚውለው ለጥቂት ሰዓታት ነው። የሲል ቆዳ ወይም የናርዋል ጥርስ ሊገዛ ቢፈልግ ደግሞ፣ አሜሪካዊ ከሆነ የአገሩ ሕግ ይከለክለዋል፤ በ1972 የወጣው የባሕር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ሕግ እነዚህን ወደ አገር ማስገባት አይፈቅድም። ስለዚህ ሰውየው የሚኖርበትን ሥራ ሊያይ ይፈቀድለታል፤ የሥራውን ውጤት ግን አይገዛለትም።

እዚህ ላይ ሌላ ነገር አለ። «ንጹሕ ተፈጥሮ» ሊያይ የመጣ መንገደኛ የታረደ ሲልና በበረዶ ላይ የፈሰሰ ደም ሲያይ ፊቱን ያጨማድዳል። በ1983 የአውሮፓ ማኅበረሰብ የሲል ግልገሎችን ቆዳ ከገበያው ሲያግድ፣ ግልገል የማያድኑት ኢኑዊቶችም ገበያቸው አብሮ ወደቀ። ከተሜው ሥጋውን ከሉካንዳ በወረቀት ተጠቅልሎ ስለሚወስድ እጁ ንጹሕ ይመስለዋል። እኛ በዒደል አድሓ በየግቢያችን የምናርድ ሰዎች ይህን ዓይነት አስተያየት እናውቀዋለን። የሰው ምግብ እንዴት እንደሚገኝ ማየት የማይፈልግ ሰው የሰውን ኑሮ አየሁ ሊል አይገባውም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የጉዞው ምክንያት ነው። መርከብ በዚያ መንገድ እንደልብ ማለፍ የቻለው በረዶው ስለሳሳ ነው። ሮአልድ አሙንድሰን መንገዱን ለመጀመሪያ ጊዜ በመርከብ ሲያቋርጥ ከ1903 እስከ 1906 ፈጅቶበታል፤ ሁለት ክረምትም እዚያው ከኢኑዊቶች ጎን ተቀምጦ የቆዳ አለባበሳቸውንና የውሻ አነዳዳቸውን ተምሯል። ዛሬ አንድ ወር ይበቃል። በመስከረም 2012 የአርክቲክ ባሕር በረዶ ወደ 3.4 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ወርዶ በሳተላይት መለካት ከተጀመረ ወዲህ ዝቅተኛው ሆኖ ተመዝግቧል። በ2022 የወጣ ጥናት እንዳመለከተውም፣ ከ1979 ወዲህ አርክቲክ የሞቀው ከዓለም አማካይ አራት እጥፍ ያህል ነው። «ሳይጠፋ እንየው» የሚለው ፍላጎትም ከዚህ ጋር አብሮ አደገ። ይሁንና ለማየት የሚበረርበት አውሮፕላንና የሚሄድበት መርከብ የሚያቃጥሉት ነዳጅ በረዶውን ከሚያቀልጠው ነገር ውስጥ ነው።

በሽተኛን መጠየቅ ከሙስሊም በሙስሊም ላይ ካሉት መብቶች አንዱ ነው፤ አዳቡንም ሁላችን እናውቀዋለን። ጠያቂ ብዙ አይቀመጥም፤ ዱዓ ያደርጋል፤ በሽተኛውን የሚያደክም ነገር አያደርግም። እስቲ አስቡት፤ አንድ ሰው ወደ በሽተኛ ቤት ገብቶ፣ በሽታውን የሚያብስ ጭስ እያጨሰ፣ «ሳትሞት ልይህ ብዬ ነው» ቢል ከቤተሰቡ ማን ወንበር ያቀርብለታል?

ወደዚያ አገር የሄደ ሁሉ ተመልካች እንዳልሆነም ልጨምር። በ2010 አንድ ትንሽ መስጊድ ከካናዳዋ የዊኒፔግ ከተማ ተሠርቶ፣ በጭነት መኪናና በጀልባ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከአርክቲክ ክበብ በላይ ወዳለችው ኢኑቪክ ገብቷል። እዚያ የሚሰግዱት ከሱዳን፣ ከግብፅ፣ ከሊባኖስና ከሌላም አገር ለሥራ የሄዱ ሰዎች ናቸው፤ ታክሲ የሚነዱ አሉባቸው። በመስጊዱ ሃይማኖት ሳይለይ ለከተማው ችግረኛ ሁሉ ምግብ የሚታደልበት ጎተራ ተከፍቷል። እነዚህም ከውጭ የመጡ ናቸው፤ ብርዱን፣ የዕቃውን ውድነትና የክረምቱን ጨለማ ግን ከአገሩ ሰው ጋር ይካፈላሉ።

አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ስነግረው «ትኬቱን በነፃ ቢሰጡህ አትሄድም ወይ?» አለኝ። ፍላጎቱ አለኝ፤ ነጩን ድብ በበረዶው ላይ ሲሄድ ለማየት የማይመኝ ጋዜጠኛ ያለ አይመስለኝም። ትኬቱን ከመቀበሌ በፊት ግን የመርከቧን ድርጅት የምጠይቀው ነገር አለ። ከምትቆሙባቸው መንደሮች ውስጥ «ዘንድሮ አትምጡብን» ያለ አለን? ካለስ መርከቧ ዞራ ተመለሰች ወይስ ወደሚቀጥለው መንደር አለፈች? ለዚያ መንደርስ በዚያ ዓመት ስንት ጎደለበት?