ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ሰው ለሚወደው ሰው ሲል ተሰጥኦውን ቢተው ፍቅሩ ጸና ይባላልን? ወይስ ስለ ተሰጥኦው ሲል የሚወደውን ቢሸኝ ፍቅሩ ጎደለ ሊባል ይገባልን? ጃፓናዊቷ ደራሲ አይ ያዛዋ እ.ኤ.አ. በ2000 በሥዕላዊ ልቦለድ መልክ የጀመረችው፣ በ2006 እና በ2007 ደግሞ በ47 ክፍል የቴሌቪዥን አኒሜሽን ድራማ ሆኖ የቀረበው “ናና” ይህንን ጥያቄ በሮክ ሙዚቀኞች ሕይወት ውስጥ ያነሣዋል።

ታሪኩ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት የሃያ ዓመት ወጣት ሴቶች ወደ ቶኪዮ በሚጓዝ ባቡር ተገናኝተው፣ በኋላም በደባልነት ሲኖሩ የሚገጥማቸውን ያወሳል። ናና ኦሳኪ “ብላክ ስቶንስ” የተባለው የፐንክ ሮክ ባንድ ድምፃዊት ናት። ፍቅረኛዋ ሬን ይህንኑ ባንድ ትቶ በሌላ ባንድ ጊታር ሊጫወት ወደ ቶኪዮ ሲሄድ አልተከተለችውም። ብትከተለው እራት ሠርታ የምትጠብቅ የሬን ሴት ሆና መቅረቷን ፈራች፤ እርሷ ግን መዝፈን ትሻ ነበር። ስለዚህ ከባቡር ጣቢያ ሸኝታው፣ አልቅሳ ቀረች።

ፍቅር መሥዋዕትነት ነው የሚሉ ሰዎች ናናን በትዕቢት ይከስሷት ይሆናል። ነገር ግን ሬን የወደዳት ያችኑ የምትዘፍነውን ናና አልነበረምን? ዘፈኗን ብትተው ለፍቅር የምትሠዋው የተወደደውን ማንነቷን ራሱን በሆነ ነበር። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 እንዳስተማረው፣ ሰው በራሱ ግብ ነው እንጂ ለሌላው ፍላጎት መሣሪያ ብቻ ሊሆን አይገባውም። ፍቅርም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም።

ይሁን እንጂ ድራማው ናናን ነቀፋ የሌለባት አድርጎ አያቀርባትም። “ሐቺ” እያለች የምትጠራት ደባሏ ስታረግዝ፣ የፅንሱ አባት ማን እንደሆነ በእርግጥ ሳይታወቅ፣ ልጁን እቀበላለሁ ያላትን ታኩሚን መርጣ ከቤት ትወጣለች። ናና በዚህ ክፉኛ ትቆስላለች። ሐቺ የብላክ ስቶንሱን ጊታሪስት ኖቡን እንድትመርጥ ትሻ ነበርና፤ የሐቺ ደስታ ብቻ ሳይሆን ከእርሷ አለመራቋም ያሳስባት ነበር። የማንም ንብረት አልሆንም ያለችው ሴት ጓደኛዋን በእጇ ልታቆይ ተመኘች።

ጥያቄው ከተሰጥኦና ከፍቅር ምርጫ አልፎ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ለራሱ ነፃነትን የሚጠይቅ ሰው ያንኑ ነፃነት፣ በሚያምመውም ጊዜ እንኳ፣ ለሚወደው ሊሰጥ ይገባዋል። “ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም” እንዲሉ፣ ራስን ነፃ አድርጎ ሌላውን ማሰር አይቻልም። ይህ ማለት ግን መለያየት ሁሉ ትክክል ነው፣ አብሮ መኖርም ባርነት ነው ማለት አይደለም። ወዶ የሚቀርና ተገዶ የሚቀር ሰው በአንድ ቤት ቢኖሩም ኑሯቸው አንድ አይደለም።

ሬን በአንገቱ ላይ ጓጉንቸር ያስራል፤ ቁልፉ ያለው በናና ዘንድ ነው። ለመታሰር እምቢ ያለችው እርሷ የሌላውን መክፈቻ ይዛ ትዞራለች። የፍቅር እውነተኛ ፈተናም ይኸው ይመስላል፤ ቁልፉን የያዘ ሰው የሚወደው ያለ እርሱ በሌላ መድረክ ሲዘፍን ሰምቶ ደስ ሊለው ይችላልን?