ሒማ፦ ለማን ይከለከላል? ለማንስ ይከፈታል?



አንድ የግጦሽ ሜዳ አለ እንበል። ሣሩ ካልተጠበቀ ያልቃል፤ ከተከለከለ ደግሞ ከብቱ የሚራብበት ሰው ይኖራል። ታዲያ «አትንኩ!» የማለት መብት ያለው ማን ነው? ጉልበተኛው? መንግሥት? ወይስ እዚያው ተወልዶ እዚያው የሚኖረው ሕዝብ? ይህ የሣር ጥያቄ ብቻ መስሎ እንዳይታያችሁ። የፍትሕና የአማና ጥያቄም ነው።

ከኢስላም በፊት በዐረቦች ዘንድ «ሒማ» የሚባል ልማድ ነበር። ኢማም አሽ-ሻፊዒይ እንደገለጹት፣ አንድ ኃያል ሰው ለምለም ምድር ሲያገኝ ውሻውን ከፍ ካለ ቦታ አውጥቶ ያስጮኸዋል። ጩኸቱ እስከተሰማበት ድረስ ያለው ግጦሽ ሁሉ የእርሱ ብቻ ይሆናል። ከዚያ ውጭ ባለው መሬት ግን ከሌላው ሰው ጋር እኩል ያሰማራል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ግፍ ሻሩት። ሒማ ለአላህና ለመልእክተኛው እንጂ ለማንም የግል ጥቅም እንደማይሆን ደነገጉ። ልብ በሉ! ጥበቃውን ግን አላስቀሩትም። አን-ነቂዕ የተባለውን ቦታ ለሙስሊሞች ፈረሶች ከለሉ፤ በመዲና ሐረምም ዛፍ እንዳይቆረጥ፣ አውሬ እንዳይታደን አደረጉ።

ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ሁነይ የተባለውን ነፃ ያወጡትን ሰው የሒማ ጠባቂ አድርገው ሲሾሙት የሰጡት መመሪያ በሶሒሕ አል-ቡኻሪ ተዘግቧል። የተበዳይን ዱዓ እንዲፈራ፣ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያላቸውን እንዲያስገባ፣ የዐብዱራሕማን ኢብን ዐውፍንና የዑስማን ኢብን ዐፋንን (ረ.ዐ) ከብቶች ግን እንዳያስገባ አዘዙት። ምክንያቱንም አስረዱት። ሁለቱ ባለሀብቶች ከብታቸው ቢያልቅ ወደ ተምርና ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ። ድሃው ግን ከብቱ ካለቀበት ልጆቹን ይዞ ወደ ኸሊፋው ይመጣል፤ ያኔ ወርቅና ብር ከመስጠት አሁን ውሃና ሣር መስጠት ይቀላል።

ዑመር (ረ.ዐ) በዚህ አላበቁም። የምድሪቱ ሰዎች ተበደልን ብለው እንደሚያስቡ አልሸሸጉም። ምድሪቱ የእነርሱ እንደሆነች፣ በጃሂሊያ ዘመን እንደተዋጉላትና በእርሷም ላይ ሆነው እንደሰለሙ መሰከሩ። በአላህ መንገድ ሰው የሚጭኑባቸው እንስሳት ባይኖሩ ኖሮ ከምድራቸው አንዲት ስንዝር እንደማይከልሉ ተናገሩ። ያን ያህል ሥልጣን የነበራቸው ሰው፣ ለሕዝብ ጥቅም ብለው በከለሉት መሬት ላይ እንኳ የነዋሪውን ባለመብትነት አፍ አውጥተው አመኑ። ከዚያ ወዲህ ለሕዝብ ጥቅም ሲል መሬት የሚከልል ሁሉ ይህን ያህል ይጨነቃልን?

ሒማ በዚያ ዘመን አልቀረም። በዐረቢያ ጎሣዎችና መንደሮች የየራሳቸውን ሒማ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያስተዳድሩ ኖረዋል። አንዳንዱ ለግጦሽ ተዘግቶ ሣሩ በድርቅ ጊዜ ብቻ ይታጨዳል፤ አንዳንዱ በወቅት ይከፈታል፤ አንዳንዱ ለንብ ወይም ለዛፍ ሲባል ይጠበቃል። መቼ እንደሚከፈት የሚወስኑት የሚጠቀሙበት ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። በ1953 እ.ኤ.አ. የሳዑዲ መንግሥት ግጦሹ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን በአዋጅ አዘዘ። ሐሳቡ መልካም ይመስላል። ነገር ግን ጠባቂው ከሄደ በኋላ ብዙው ሒማ ተግጦ ባዶ ቀረ። በሒጃዝና በዐሲር ተራሮች የተረፉት ጥቂቶቹ የነዋሪው ጥበቃ ያልተቋረጠባቸው ናቸው።

ተመሳሳይ ታሪክ በአገራችንም አለ። በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ምድር የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ ነው። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፤ ገመድም ይሠራበታል። የአካባቢው ሕዝብ ከ17ኛው ምእተ ዓመት ጀምሮ ምድሩን በራሱ ሥርዓት ለዓመታት ዘግቶ፣ ሣሩ ሲደርስ በጋራ ቀን ይከፍተው ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ጓሳም ለጉዳት ተጋለጠ። ኋላ ግን ነዋሪዎቹ ኮሚቴ አቋቁመው፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው ጥበቃውን መለሱ። እነዚህ ወገኖቻችን እምነታቸው ከእኛ የተለየ ነው። የአላህን ምድር ከጥፋት መጠበቅ ግን ከማንም ቢታይ ትምህርት ነው።

ምናልባት «የጋራ የሆነ ነገር የማንም አይደለም፤ መጥፋቱ አይቀርም» የሚል ሰው ይኖራል። ጋሬት ሃርዲን የተባለ ምሁርም በ1968 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጽፎ ነበር። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን ከብዙ አገሮች ማስረጃ ሰብስባ፣ ሰዎች ራሳቸው ደንብ ካወጡና ራሳቸው ከጠበቁት የጋራ ሀብት ለዘመናት ሊዘልቅ እንደሚችል አሳየች። ለዚህም በ2009 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። ሜዳን የሚያጠፋው የጋራ መሆኑ ሳይሆን ደንብና ጠባቂ ማጣቱ ነው።

ይሁንና የቆየ ሥርዓት ሁሉ ፍትሐዊ ነው ማለት አይደለም። የጓሳ የጥንቱ መብት ከቀደምት አባቶች በመወለድ ላይ የተመሠረተ ስለነበር ውጭ የቀረ ጎረቤት ነበረ። የአካባቢ ሰው በመሆን ብቻ ከበደል መንጻት አይቻልም። ስለዚህ የዑመር (ረ.ዐ) ሚዛን ለመንግሥትም ለመንደርም ይሠራል። አጥሩ ሲዘጋ ማን ተጠየቀ? በሩ ሲከፈትስ መጀመሪያ የገባው ማን ነው? ባለ ሁለት በጉ ወይስ ባለ መንጋው? ያልተጠየቀ ሕዝብ የተከለለለትን እንደ ሌላ ሰው ንብረት ያየዋል። ደካማውን የሚያስርብ አጥር ደግሞ፣ ስሙ ሒማ ቢሆንም እንኳ፣ ከውሻው ጩኸት አይሻልም።

እናቶችና አባቶች! ልጆቻችሁ ውሃ ሲያባክኑ ወይም ዛፍ ሲሰብሩ «ተዉ!» ማለት ብቻውን አይበቃም። የምንጩ ተራ እንዴት እንደሚደለደል፣ በመቃብሩ ዙሪያ ያለውን ዛፍ ማን እንደሚጠብቅ ንገሯቸው፤ በጥበቃውም ድርሻ ስጧቸው። የሰው ልጅ በምድር ላይ ኸሊፋ ተደርጓል፤ ኸሊፋ ደግሞ አማና ተቀባይ እንጂ እንዳሻው የሚያደርግ ባለቤት አይደለም። ነገ በአላህ ፊት የምንጠየቀው ስለ ሣሩ ብቻ አይደለም፤ በሩ ላይ ቆሞ ስለተመለሰው ድሃም እንጠየቃለን።

አላህ (ሱ.ወ) አማናቸውን ከሚጠብቁት፣ የተበዳይንም ዱዓ ከሚፈሩት ባሮቹ ያድርገን። አሚን!