የትስስር ጥንካሬ የማን ነው?

አንድ ባሕርይ የነገሩ የራሱ ነው ወይስ ነገሩ ከሌላው ጋር ባለው ግንኙነት ብቻ የሚገለጥ ነው የሚለው ጥያቄ ከአርስቶትል ጀምሮ ፈላስፎችን ሲያከራክር የኖረ ሲሆን፣ ኬሚስትሪ ስለ አተሞች ትስስር የሚያስተምረው ለዚህ ክርክር ከሚታሰበው በላይ ጥሩ መፈተኛ ነው። ኮቫለንት ትስስር የሚባለው፣ አሜሪካዊው ጊልበርት ሉዊስ በ1916 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ሁለት አተሞች ጥንድ ኤሌክትሮኖችን በጋራ ሲይዙ የሚፈጠረው መያያዝ ነው፤ የጋራው ጥንድ አንድ ከሆነ ነጠላ፣ ሁለት ከሆነ ድርብ፣ ሦስት ከሆነ ሦስትዮሽ ይባላል። ርዝመቱ በሁለቱ አስኳሎች መካከል ያለው ርቀት ሲሆን የሜትር ትሪሊዮንኛ በሆነው ፒኮሜትር ይለካል፤ ጥንካሬው ደግሞ አተሞቹን ለማለያየት በሚያስፈልገው ጉልበት፣ ማለትም በኪሎጁል በሞል ይገመታል።

በካርቦን ዘንድ ደንቡ ግልጽ ይመስላል። ነጠላው ትስስር 154 ፒኮሜትርና 347 ኪሎጁል፣ ድርቡ 134 ፒኮሜትርና 614 ኪሎጁል፣ ሦስትዮሹ 120 ፒኮሜትርና 839 ኪሎጁል ገደማ ስለሆነ፣ ተማሪው ጥንዶቹ በበዙ ቁጥር ትስስሩ ያጥራል፣ ስላጠረም ይጠነክራል ብሎ ይደመድማል። ስሕተቱ ማጠሩን የመጠንከሩ ምክንያት ማድረጉ ነው። የሁለት ፍሎሪን አተሞች ትስስር 142 ፒኮሜትር ሆኖ ከካርቦኑ ነጠላ ትስስር ቢያጥርም ጥንካሬው 158 ኪሎጁል ብቻ፣ ከዚያኛው እኩሌታ እንኳ የማይሞላ ነው፤ በሁለቱም አተሞች ላይ ለጋራ ያልዋሉት ኤሌክትሮኖች ተቀራርበው እርስ በርስ ይገፋፋሉና። በናይትሮጂን ዘንድም ነጠላው 160፣ ድርቡ 418፣ ሦስትዮሹ 945 ኪሎጁል ገደማ ሲሆን፣ በመጽሐፈ መክብብ የተጠቀሰውን በሦስት የተገመደ ገመድ የሚያስብ አንባቢ እዚህ ላይ ምሳሌው እንደሚከዳው ያያል፤ ሦስተኛው ጥንድ ብቻውን የሚጨምረው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ድምር ይበልጣልና። ርዝመት መሳሳብና መገፋፋት የሚመጣጠኑበት ስፍራ ነው፣ ጥንካሬም የዚያው ምጥጥን ሌላ መለኪያ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይወልድም፣ ሁለቱም ከኤሌክትሮኖቹ አሰፋፈር ይወለዳሉ።

ዓይነት የሚባለውም ቢሆን ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። በቤንዚን ሞለኪውል ውስጥ ያሉት ስድስቱ የካርቦን ትስስሮች ሁሉም 139 ፒኮሜትር ገደማ ናቸው፤ ነጠላም ድርብም አይደሉም። እንግሊዛዊው ቻርለስ ኮልሰን፣ የኳንተም ኬሚስትሪ ሊቅም የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪም የነበረው፣ ትስስርን ማንም እንዳላየውና የሰው አእምሮ የፈጠረው ሥዕል እንደሆነ እስከ መናገር ደርሷል። ይህ ግን ከልክ ያለፈ ነው፤ ዝምድና እንደ ድንጋይ ባይዳሰስም ሲበጠስ የሚያስከፍለው ጉልበት ይለካልና፣ የሚለካ ነገር ባዶ ሥዕል ሊሆን አይችልም።

ጉዳዩ ከመጽሐፍ ወጥቶ የሚፈተነው እንደ ሐዋሳ ባለ ስፍራ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. በእርሻ ኮሌጅነት የተጀመረው የዛሬው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በሚገኝባት በዚህች ከተማ ዙሪያ ገበሬው በበቆሎው መካከል ቦሎቄ ይዘራል፤ በከተማዋ ስም የተሰየመ «ሐዋሳ ዱሜ» የተባለ የቦሎቄ ዝርያም አለ። የአየር 78 በመቶ የሆነው ናይትሮጂን ለተክል የማይበላ ሆኖ የሚቀረው ባለ 945 ኪሎጁሉ ሦስትዮሽ ትስስር ስለያዘው ነው። ዩሪያ የሚሠራው ፋብሪካ ይህን ትስስር፣ ፍሪትዝ ሃበርና ካርል ቦሽ በዘረጉት መንገድ፣ ብረትን በአፋጣኝነት እየተጠቀመ፣ ከ400 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀትና ከ100 የከባቢ አየር በሚበልጥ ግፊት ይፈታል፤ በቦሎቄው ሥር ዕባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ግን በአፈሩ ተራ ሙቀት ይፈቱታል፣ ምንም እንኳ ቦሎቄ ከሌሎች ጥራጥሬዎች ጋር ሲነጻጸር በዚህ ሥራ ደካማ ቢሆን። የባክቴሪያው ኢንዛይም ትስስሩን በአንድ ጊዜ አይበጥስም፤ ኤሌክትሮንና ሃይድሮጂን እየጨመረ ደረጃ በደረጃ ያላላዋል፣ ለዚህም ለአንድ ሞለኪውል ቢያንስ 16 ኤቲፒ፣ ማለትም የሕዋስ የጉልበት መገበያያ የሆነውን ሞለኪውል ያወጣል። በፋብሪካውም ቢሆን የተለያዩት አተሞች ብቻቸውን አይቀሩም፣ ወዲያው ብረቱ ይይዛቸዋል። ስለዚህ 945 የሚለው ቁጥር ሁለቱ አተሞች ማንም ሳይቀበላቸው ቢለያዩ የሚጠየቀውን ዋጋ ይናገራል እንጂ፣ በፋብሪካውም ሆነ በቦሎቄው ሥር በተግባር የሚከፈለውን አይናገርም።