ልብ ወለድ ማንበብ ለነፍስ ይጠቅማልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን እኅቶችና ወንድሞች፤ በመካከላችን ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ክርስቲያን ወጣት መጽሐፍ ቅዱስና የቅዱሳን ገድል ሳሉለት፣ ሰው ከልቡ አፍልቆ የጻፈውን ልብ ወለድ ማንበቡ ጊዜ ማባከን አይደለምን? የሚል ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ጊዜ የእግዚአብሔር ስጦታ ነውና በምን እንዳሳለፍነው እንጠየቅበታለን።

መልስ ከመስጠታችን በፊት ግን ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊትን እንዴት እንደ ገሠጸው እናስታውስ (2ኛ ሳሙ. 12)። ብዙ በጎች ያሉት ባለጸጋ የድኻውን አንዲት በግ ቀምቶ ለእንግዳው ማረዱን በታሪክ መልክ ነገረው። ዳዊት ተቆጥቶ በባለጸጋው ላይ የሞት ፍርድ ፈረደ። ያን ጊዜ ነቢዩ ያ ሰው ራሱ ንጉሡ መሆኑን ገለጠለት። ናታን በቀጥታ ወቅሶት ቢሆን ንጉሡ ማመካኛ ይፈልግ ይሆን ነበር፤ ታሪኩ ግን ማመካኛ ሳያገኝ ልቡን ቀደመው። ልብ ወለድም ለክርስቲያን የሚጠቅመው በዚህ መንገድ ነው። በሌላ ሰው ላይ ስንፈርድ ቆይተን ፍርዱ ወደ ራሳችን ሲመለስ፣ ያን ጊዜ በእርግጥ አንብበናል።

ለምሳሌ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን፣ ታላላቆቻችንም በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ የሰሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንውሰድ። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም ቅኔ የተማሩ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ናቸው። በመጽሐፉ ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ ክርስቲያን ናቸው፤ ነገር ግን የትውልድ ክብር ከሁሉ በልጦባቸው ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ባል ያጣሉ። የድኻ ልጅ የሆነው መምህሯ በዛብህ በዐይናቸው ሰው ሆኖ አይታይም። ይህን የሚነቅፈውንም ዘመዳቸውን ካሣን አገሩ ሁሉ «ጉዱ ካሣ» ይለዋል።

ፊታውራሪን በመጽሐፍ ውስጥ መጥላት ቀላል ነው። ከባዱ በራሳችን ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ነው። የብዙዎቻችን ወላጆች ከደጋው አገር ለሥራ ወደ አሳይታ የመጡ ናቸው። ከግመሉ ጋር ወደ ገበያ የሚመጣው አፋር በአለባበሱ፣ በቋንቋው ወይም በእምነቱ ምክንያት በፊታችን ዝቅ ብሎ ከታየን፣ የፊታውራሪ መሸሻ ወንበር በልባችን ውስጥ ተዘርግቷል ማለት ነው።

ጌታችንም ባልንጀራው ማን እንደ ሆነ ለጠየቀው ሕግ ዐዋቂ ታሪክ ነገረው (ሉቃ. 10)። በዚያ ታሪክ ውስጥ የቆሰለውን ያነሣው ካህኑ ወይም ሌዋዊው ሳይሆን፣ አድማጮቹ የሚጠየፉት ሳምራዊ ነው። እንግዲህ በዚህ በረሓ መንገደኛውን በወተት የሚቀበለውን አፋር የምናይበት ዐይን ከዚህ ምሳሌ ሊማር ይገባዋል። አዋሽ እንኳ ከደጋው ተነሥቶ፣ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ይቀራል እንጂ የሚያጠጣውን ሰው ዘሩን አይጠይቅም።

ይህን ስንል ልብ ወለድ ሁሉ መልካም ነው ማለታችን አይደለም። ምኞትን ብቻ የሚቀሰቅስ አለ። መልካሙም ቢሆን የወንጌልን ቦታ አይወስድም፤ ቁስልን ያሳያል እንጂ አይፈውስም፤ ፈውሱ በንስሓና በቅዱስ ቍርባን ነው። ሌላም አደጋ አለ፤ ይኸውም እንባ ነው። ለሰብለ ወንጌል አልቅሶ ለታመመ ጎረቤቱ ውኃ የማያቀብል ሰው፣ እንባው ምግባር መስሎት ይታለላል። በመጽሐፍ ውስጥ ያለ ሰው ምንም አይጠይቀንምና ለእርሱ ማዘን ዋጋ አያስከፍልም። ጎረቤት ግን ጊዜያችንን፣ ገንዘባችንን፣ ትዕግሥታችንን ይጠይቃል።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ እናንብብ። መጽሐፉን ስንዘጋ ግን «የጠላሁት ሰው በእኔ ውስጥ የት አለ? ያዘንኩለትን ሰው የሚመስል በሰፈሬ ማን አለ? ዛሬ ምን ላድርግለት?» ብለን እንጠይቅ። ዳዊት በባለጸጋው ላይ በመቆጣት ብቻ ቢያበቃ ኖሮ፣ ዛሬ የምንደግመው የንስሓ መዝሙሩ አይኖረንም ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።