ባለጠጋ ሆኖ ስለ መወለድና ድኻ ሆኖ ስለ መወለድ

አንባቢ ሆይ፤ በአዲስ አበባ ከተማ በምሥራቅ በኩል መገናኛ የሚባል ስፍራ አለ። ከኮተቤና ከቦሌ፥ ከሾላም የሚመጡ መንገዶች በዚያ ይገናኛሉና ስሙ የተገባው ነው። ጠቢቡም በምሳሌ 22፥2 ባለጠጋና ድኻ እርስ በርሳቸው እንደሚገናኙ፥ የሁለቱም ፈጣሪ አንድ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል። በዚያ አደባባይ በመኪና ተቀምጦ የሚያልፈው ጌታ፥ ሕፃን አዝላ የምትለምነው ሴት፥ ከየካ ተራራ ግርጌ በእግሩ የመጣው የቀን ሠራተኛ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ከእነዚህ ከማን ማሕፀን ልወለድ ብሎ የመረጠ አንድ ስንኳ የለም።

ነገር ግን ባለጠጋው በልቡ፦ እግዚአብሔር ወድዶኛል ይላል፤ ድኻውም፦ እግዚአብሔር ረስቶኛል ይላል። ሁለቱም የልደታቸውን ሁኔታ እንደ ዳኛ ፍርድ ይቈጥሩታል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው፥ ኃጢአቱ የእርሱ ነውን ወይስ የወላጆቹ ብለው በጠየቁ ጊዜ፥ ጌታችን አንዱንም አልተቀበለላቸውም (ዮሐንስ 9)።

ይልቁንም ስለ ራሱ ስለ ጌታችን ልደት አስተውል። በኦሪት ዘሌዋውያን በ12ኛው ምዕራፍ ወንድ የወለደች ሴት የመንጻትዋ ወራት 40 ቀን፥ ሴት የወለደችም 80 ቀን ነው። ይህ ቍጥር በአገራችን ለእንግዳ አይደለም፤ ወንድ ልጅ በ40፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ እናያለንና። እናቲቱም ወራቷ ሲፈጸም የአንድ ዓመት ጠቦትና አንድ ርግብ ወይም ዋኖስ ታቀርብ ነበር፤ ለጠቦት እጅዋ ያጠራት ግን ሁለት ርግቦች ወይም ዋኖሶች ይበቋታል። ካህኑም ለሁለቱም አንድ ማስተስረያ ያደርጋል። ወንጌላዊው ሉቃስ በ2፥24 ስለ ማርያም መሥዋዕት ሲጽፍ ጠቦት አያነሣም፤ የዋኖሶችንና የርግቦችን ነገር ብቻ ይናገራል። እንግዲህ የዓለም መድኃኒት በድኾች ዋጋ ወደ ቤተ መቅደስ ገባ። ድኻ ሆኖ መወለድ የእግዚአብሔር ቍጣ ምልክት ቢሆን ኖሮ፥ አብ ለልጁ ይህን ባልመረጠለትም ነበር።

ምናልባት፦ ድኽነትም ባለጠግነትም እግዚአብሔር የሠራው ሥርዓት ነው፥ እኛ ምን እናደርጋለን? ትል ይሆናል። ይህን ቃል ብዙ ጊዜ የሚናገረው የጠገበ ሰው ነው። አባቶቻችንም የባሪያ ልጅ ባሪያ ሆኖ መወለዱን፥ የጭሰኛም ልጅ በሌላ ሰው መሬት ላይ መወለዱን እንደ እግዚአብሔር ሥራ ቈጥረውት ነበር። ነገር ግን ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሻረ፤ ጭሰኝነትም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቀረ። የእግዚአብሔርን ሥርዓት በወረቀት ላይ የተጻፈ የሰው አዋጅ ሊሽረው ይችላልን? ሰው የሠራው ስለ ነበረ ሰው ሻረው። ለብዙ ዘመን ከእንጦጦ ዳገት የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው፥ ጐንበስ ብለው ወደ ከተማ የወረዱት እናቶች ሸክምም እንዲሁ ነው። ዛፉን ያበቀለ እግዚአብሔር ነው፤ ሸክሙን በሴቲቱ ጀርባ የጫነው ግን የሌላ ገቢ ማጣት ነው።

በኢሉባቦር የተወለደውን ኦኔሲሞስ ነሲብን አስብ። አባቱ ሞተበት፤ ገና ሕፃን ሳለ ተሰርቆ ተሸጠ፥ ከጌታ ወደ ጌታም ተላለፈ። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጣ፤ ከወንጌል መልእክተኞችም ዘንድ ተማረ። መላውን መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ተርጕሞ በ1899 አሳተመ፤ በዚህም ሥራ እንደ እርሱ ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ ረዳችው። ይህን ስንል ባርነት ጠቀመው ማለታችን አይደለም፤ እንዲህ ያለውን አሳብ እግዚአብሔር ያርቅልን። ተሸጠው በመንገድ የቀሩት፥ ስማቸውም ያልተጻፈ ሕፃናት ምን ያህል ስጦታ ይዘው እንደ ጠፉ ማን ይቈጥረዋል?

በድኽነት የተወለድህ ወንድሜ ሆይ፤ ጐጆህ ስለ ጠበበ በፈጣሪህ ዘንድ ያነስህ አይምሰልህ። አንገትህን ቀና አድርገህ ጸልይ፤ ለልጅህም ትምህርትን ፈልግለት።

በሀብት የተወለድህ ሆይ፤ ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች፥ ያልተቀበላችሁት ምን አላችሁ ብሎ መጠየቁን አትርሳ (1ኛ ቆሮንቶስ 4፥7)። የአባትህን ቤት ተቀብለሃል፤ የተማርህበትንም ገንዘብ ተቀብለሃል። ለአንድ ለማኝ ሳንቲም መወርወር ይህን ዕዳ አይከፍልም። ከዚህ ይልቅ ከቤትህ ጀምር። ልጅህን የምታዝለው ሞግዚት የራስዋን ልጅ ለማን ትታ እንደ መጣች ጠይቀህ ታውቃለህን? ልጅዋ ስንት ዓመቱ ነው? ትምህርት ቤት ገብቶአልን? በኦሪት ዘዳግም 24፥15 የድኻ ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳይገባ እንዲከፈል ታዝዞአል፤ እርስዋ ግን ያለፈው ወር ደመወዝዋ ሳይከፈላት፥ ለመጠየቅም አፍራ፥ ዛሬ ማታ ልጅህን ታስተኛለች።