ልጁን ከአባቱ ቤት ስታስቀሩ

ልጆቼ፣ በተለይ ከፍቺ በኋላ ለብቻችሁ ልጅ የምታሳድጉ፣ ይህን ስሙኝ። ልጁ ከእናቱ ጋር ይደግ፣ አባቱ ቅዳሜና እሑድ ይውሰደው ተብሎ ተፈርዷል እንበል። አንድ እሑድ ማታ ሲመለስ ጆሮው ሥር ሰምበር አለ። ወይም ገላው ላይ ምንም የለም፤ ግን አባቱ አዲሷን ሚስቱን ሲደበድብ አይቷል፣ ሌሊት ደግሞ አልጋው ላይ መሽናት ጀምሯል። የእናት አንጀት በዚህ ሰዓት ምን እንደሚል አውቃለሁ፦ ልጁን ይዞ አገር ቤት መግባት!

ቆዩ። ልጁ ገና እዚያው ሳለ አደጋ ካለ 991 ደውሉና ከፖሊስ ጋር ሂዱ። በእጃችሁ ካለ ግን ሽሽት የሚጠቅመው አባትየውን ነው። «ልጄን ሰወረችብኝ» ብሎ ሲከስ የሰምበሩ ነገር ተረስቶ መልስ ሰጪዋ እናንተ ትሆናላችሁ።

በዚያው ሌሊት ሐኪም ይየው፣ የሕክምና ማስረጃውም ይያዝ። ልጁን ግን ደጋግማችሁ አታስጨንቁት። «እስቲ ለአክስትህም ንገራት» አይባልም። ደጋግሞ የተጠየቀ ልጅ በመጨረሻ ደስ የሚላችሁን ነው የሚናገረው፤ ዳኛውም ይህን አያጣውም። ራሱ ያለውን በራሱ አፍ፣ ከነቀኑ ጻፉት። «አባዬ ሳህኑን ወረወረባት» ካለ እንደዚያው ይጻፍ፤ «ጥቃት ፈጸመ» የሚለውን ለጠበቃችሁ ተዉት።

ቀጥሎ ፍርድ ቤት ነው። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 113 መሠረት፣ ሁኔታ ሲለወጥ ስለ ልጅ የተሰጠ ውሳኔ እንደገና ሊታይ ይችላል። (ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የምትኖሩበትን ጠይቁ።) አቤቱታችሁ ላይ ጉዳዩ እስኪጣራ ልጁ አባቱ ዘንድ እንዳያድር፣ ቢገናኙም ታማኝ ሰው ባለበት እንዲሆን ጊዜያዊ ትእዛዝ ለምኑ። «አባት አይደለሁ እንዴ?» የሚለው ክርክር ሁሌ አያሸንፍም። በ2000 ዓ.ም. የሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 አባትየው ልጁን ይገባኛል ቢልም፣ የልጁ ጥቅም ይቀድማል ብሎ ላሳደገችው አክስት ወስኗል።

ስለ ሽማግሌ ደግሞ እኔው ልናገር፣ ሽማግሌ ነኝና። ባልና ሚስት በገንዘብ ቢጣሉ፣ በዘመድ ቢቀያየሙ እንገባለን፣ እናስታርቃለን። ዱላ ከገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን ድብደባ ወንጀል ብሎታል። «አባት ነው፣ ይቅር በይውና ልጁን ላኪለት» ብሎ የሚመጣ ሽማግሌ ካለ ቡናውን ጠጥቶ ይሂድ። ክሱን አንሺ ቢላችሁ፣ ልጁ ቢመታ እሱ ይዋስ እንደሆነ ጠይቁት።

ለልጁ «አባትህ ክፉ ነው» አትበሉት፤ ግማሽ አካሉን እንደ መስደብ ነው። «ለጊዜው እዚያ አታድርም፣ አንተ ምንም አላጠፋህም» ይበቃዋል። አያቱ፣ የአባቱ እናት፣ ደግ ሴት ከሆነች ከእሷ አትቁረጡት። ለበዓል ስትልኩት ግን ልጇ እዚያ እንደማያድር አስቀድማችሁ አረጋግጡ፣ ማምሻውንም ራሳችሁ ሄዳችሁ አምጡት።