ባልጩቱና እጁ

በአዋሽ ዳር፣ በመልካ ቁንጡሬና በባልጩት፣ ጥንታዊው የሰው ዘር ከ1 ሚሊዮን ዓመት አስቀድሞ ጥቁሩን ድንጋይ እየፈለጠ ስለት አውጥቶለታል። ሥፍራው በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ኮርተናል። ለመሆኑ ያከበርነው ምኑን ነው? ዕድሜውን እንዳንል ድንጋይ ሁሉ አርጅቷል፤ ባልጩቱን ከሌላው የለየው ያረፈበት የሰው እጅ፣ ማለትም ሥራ ነው።

እንግዲህ ያ እጅ ዛሬም አልጠፋም። በኮንሶ፣ ድንጋይ ጠርበው ቆዳ የሚፍቁ ባለሙያ እናቶች እስከ ዘመናችን ዘልቀዋል። በአማርኛችን ግን «ፋቂ» የሚለው የሙያ ስም ስድብ ሆኖ ኖሯል። የሙታንን መሣሪያ በመስተዋት ሣጥን አኑሮ የሕያዋንን እጅ መናቅ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ሠሪውን ያላከበረ፣ ቅርሱን አከበርሁ ሊል አይገባውም።